ፈረሱ ማን ዘንድ ያርጅ? ከጦርነት የተረፉ ፈረሶች ዕጣና የባለቤት ውሳኔ



የታሪክ ሰው በእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ፊት ቆሞ እንዲናገር ሲጋበዝ እንግድነት ይሰማዋል። ስለዚህ አስቀድሜ ለምን እዚህ እንደ ቆምሁ ልናገር። ከዚህ አዳራሽ በስተጀርባ ባለው ጋጥ ውስጥ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አንድ ዳማ ፈረስ አለ። ጥርሱን የመረመራችሁ እንደምትመሰክሩት ዕድሜው ከሃያ ዓመት አልፏል። የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ታሟል፤ አንድ ዓይኑ ደክሟል። በወጣትነቱም ቢሆን ገራም ነበረ የሚል አልሰማሁም፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ ጠባቂውን ረግጦ የጎድን አጥንቱን ሰብሮበታል። ጉዳዩን የሚመለከት ኮሚቴ ተቋቁሞ ሁለት አሳቦች ቀርበዋል። አንደኛው በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲሞት የሚል ነው። ሁለተኛው ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ይሰጥና ቀሪ ዕድሜውን በዚያ ይፈጽም የሚል ነው። እኔ ከሌላ ክፍል የመጣሁ አባል ስለ ሆንሁ አንድ ባልደረባዬ «የታሪክ ክፍልስ ምን ይላል?» ብሎ ቀለደብኝ። የዛሬው ንግግር ለዚያ ቀልድ የተሰጠ መልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ሆኑ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። የሮማው ሽማግሌ ካቶ በቁጠባው የታወቀ ሰው ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ195 ዓመት ቆንስል ሆኖ በእስፓንያ ዘምቶ ነበረ፤ በዘመቻው የተቀመጠበትን ፈረስ ለመንግሥት የመርከብ ኪራይ እንዳያስወጣ ብሎ እዚያው ትቶት እንደ ተመለሰ ይናገር ነበረ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፕሉታርክ ይህን ነገር ሲያነሣ ይቸግረዋል። ታላቅ ልቡና ነው ወይስ ንፉግነት ብሎ አንባቢውን እንዲፈርድ ይጋብዛል፤ ራሱ ግን ያገለገለውን በሬ እንኳ ስላረጀ ብቻ እንደማይሸጥ ይገልጻል። አያይዞም አቴናውያን ታላቁን ቤተ መቅደስ ሲሠሩ በመጎተት የደከሙትን በቅሎዎች ነፃ እንደ ለቀቋቸው ይተርካል። ከእነርሱም አንዱ በገዛ ፈቃዱ እየተመለሰ ከጓደኞቹ ፊት ፊት ይሄድ ስለ ነበረ እስኪሞት ድረስ በሕዝብ ገንዘብ እንዲቀለብ ተወስኖለታል።

ተማሪዎች ይህን ምንባብ ሲያነቡ አብዛኛውን ጊዜ በካቶ ላይ ይፈርዳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ካቶ ፈረሱን በእስፓንያ «ተወው» እንጂ ለማን እንደ ተወው አልተነገረም። ፈረሱ በሌላ ሰው እጅ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ከታሪክ መዝገብ ወጥቷል። ወደ ሃያኛው መቶ ዓመት ስንሻገር ይህን ነገር በብዙ ሺህ ተባዝቶ እናገኘዋለን።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውስትራሊያ 136,000 ያህል ፈረሶችን ወደ ባሕር ማዶ ልካለች። ዌለር የሚባሉት ናቸው፤ ስማቸው የመጣው ከኒው ሳውዝ ዌልስ ነው። በሲናና በፍልስጥኤም በረሃ ውኃ ጥም ችለው፣ ጋላቢውን ከነስንቁና ከነጥይቱ ተሸክመው የዘመቱ እንስሳት ናቸው። በጥቅምት 31 ቀን 1917 በቤርሳቤህ የተደረገውን የፈረሰኛ ግልቢያ ሁላችሁም ሰምታችሁ ይሆናል። በዚያ ቀን ወደ ምሽጉ ከጋለቡት ፈረሶች አንዳንዶቹ ከአንድ ቀን በላይ ውኃ አልቀመሱም ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጥያቄው መጣ። ፈረሶቹን ወደ አገራቸው መመለስ የመርከብ ወጪ ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአውስትራሊያ የእንስሳት በሽታ መከላከያ ሕግ አይፈቅድም። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ማመካኛ ብቻ አልነበረም፤ ከእስያና ከአፍሪካ የሚመጣ የፈረስ በሽታ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ትርፍ ሆነው የተገኙት 13,000 ፈረሶች ተለዩ። 11,000 ያህሉ ተሸጡ፤ አብዛኞቹም በሕንድ ላለው የእንግሊዝ ጦር ተላለፉ። የቀሩት 2,000 በእርጅና ወይም በአካል ጉድለት ምክንያት ከአገልግሎት ተሰናበቱ። ትእዛዙ ዝርዝር ነበረው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነው ይተኮሳል፤ ከመተኮሱ በፊት ግን ጫማው ይነቀላል፣ ጋማውና ጭራው ይቆረጣል፤ ብረቱም ፀጉሩም ቆዳውም ገንዘብ ነውና።

በዚህ ስፍራ አንድ አፈ ታሪክ አለ። ወታደሮቹ ፈረሶቻቸውን በባዕድ እጅ ከማየት ብለው ለመጨረሻ ጊዜ ጋልበው በገዛ ጠመንጃቸው ገደሏቸው ይባላል። ያደረጉት ጥቂቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሰነዱ የሚያሳየው ግን በአብዛኛው በተራና በትእዛዝ የተፈጸመ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። አፈ ታሪኩ ለምን እንደ ተወደደ መገመት አያዳግትም። ውሳኔውን ከጽሕፈት ቤት አውጥቶ ለሚወድ ሰው እጅ ይሰጠዋል።

ከ136,000 ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ሳንዲ ይባላል። የሜጀር ጄኔራል ዊልያም ብሪጅስ ፈረስ ነበረ። ጄኔራሉ በጋሊፖሊ ቆስሎ በግንቦት 1915 ሞተ። ሳንዲ በግብፅና በፈረንሳይ አልፎ፣ በእንግሊዝ አገር ተመርምሮ ከበሽታ ነፃ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በ1918 መጨረሻ ሜልበርን ደረሰ። በሜሪበርኖንግ በሚገኘው የጦር ፈረሶች ጣቢያ ለግጦሽ ተለቀቀ። ከዚያስ? ዓይኑ እየታወረ፣ ጉልበቱ እየደከመ ሄደ፤ በግንቦት 1923 በርኅራኄ ምክንያት እንዲገደል ተወሰነ። ራሱና አንገቱ ተዘጋጅቶ ዛሬ ካንቤራ በሚገኘው የጦርነት መታሰቢያ ቅርስ ውስጥ ይገኛል። በአገሩ ሁሉ እንደ ቅርስ የታየ፣ ቀለቡ የተረጋገጠ፣ ግጦሹ የሰፋ፣ ማንም ጭነት የማይጭነው ፈረስ ነበረ፤ መጨረሻውም በሰው ውሳኔ ሆነ። ከሁሉ የተሻለው ማረፊያ እንኳ ውሳኔውን ያዘገየዋል እንጂ እንደማያስቀረው ከሳንዲ እንማራለን። ልዩነቱ ውሳኔው የተሰጠው በሚያውቁት ሰዎች፣ በሚታወቅ ቀን፣ በተጻፈ ምክንያት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ካይሮ እንሂድ። የእንግሊዝ ጦር ከጦርነቱ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶችን በግብፅ ሸጧል። ለጦሩ ይህ ከመግደል የተሻለ ሆኖ ታይቷል፤ ፈረሱ በሕይወት ይኖራል፣ ገዢው ይጠቀማል፣ መንግሥትም ጥቂት ገንዘብ ያገኛል። በሂሳብ መዝገብ ላይ ማንም የተጎዳ የለም። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ስለ እነዚህ ፈረሶች የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

በ1930 ዶረቲ ብሩክ የተባለች ሴት፣ የፈረሰኛ ብርጌድ አዛዥ ከነበረው ባሏ ከሜጀር ጄኔራል ጄፍሪ ብሩክ ጋር ካይሮ ደረሰች። በከተማው መንገድ ጋሪና የድንጋይ ጭነት ከሚጎትቱት ፈረሶች መካከል በቁመናቸውና በአጥንታቸው ከአገሩ ፈረስ የሚለዩ አጽሞችን አየች። ጠጋ ብላ ስታይ በአንዳንዶቹ ላይ የጦሩ የቀስት ምልክት አለ። በ1918 ስምንት ዓመት የነበረው አሁን ሃያ ሆኖታል። የታወሩ፣ የሚያነክሱ፣ ጀርባቸው በኮርቻና በልባብ የተላጠ፣ ሆኖም ከንጋት እስከ ምሽት የሚሠሩ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱን፣ ኋላ «ኦልድ ቢል» የተባለውን፣ ከባለቤቱ ገዝታ ከሥቃዩ አሳረፈችው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከ1918ቱ ምደባ ጋር ስናስተያየው የሚገኘው ውጤት የተገለባበጠ ነው። ያን ጊዜ አርጅተዋል፣ አይጠቅሙም ተብለው የተገደሉት በአንድ ጥይት አርፈዋል። ብርቱ ናቸው፣ ገና ይጠቅማሉ ተብለው ሕይወት የተሰጣቸው ከአሥር ዓመት በላይ የድንጋይ ጋሪ ጎተቱ። ያተረፋቸው ጉልበታቸው ራሱ ዕዳ ሆነባቸው። ከዚህ ተነሥቼ «እንግዲያው ሁሉም ቢገደሉ ይሻል ነበረ» አልልም። ወደ ሕንድ ከሄዱት ውስጥ በደንብ የተያዙ ብዙ ነበሩና። የምለው ይህን ነው፤ የሸጠው ክፍል ስለ ፈረሱ ጤና መርምሮ፣ ዕድሜ ቆጥሮ፣ በፊደል ከፋፍሎ ሲያበቃ ስለ ገዢው ሁኔታ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ፈረሱ መሥራት ይችል እንደ ሆነ እንጂ መሥራት ሲያቅተው ምን እንደሚሆን አልተጠየቀም።

ብሩክ በ1931 «ሞርኒንግ ፖስት» ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። ከአንባቢዎች ብዙ ገንዘብ መጣ፤ በዚያም ገንዘብ በሦስት ዓመት ጊዜ 5,000 ያህል የቀድሞ ጦር ፈረሶችን ገዛች። አብዛኞቹ እንዲገደሉ ተደረገ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ «አዳነቻቸው» የሚለውን ቃል ጠብቀው ነበርና። ከመገደላቸው በፊት ግን ጥቂት ቀን በጥላ ሥር፣ ወፍራም ጉዝጓዝ ላይ፣ ጥሩ ቀለብ እየበሉ ያሳልፉ ነበረ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ለሰው ኅሊና እንጂ ለፈረሱ የተደረገ አይደለም ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለዓመታት ያልተኛ እንስሳ ጉዝጓዝ ላይ ቢተኛ የሚጠቀመው ራሱ ነው፤ ነገን ስለማያውቅ የዛሬው ዕረፍት አይቀንስበትም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ትችት ሌላ ነው። አገሪቱን በጦር ኃይል የያዘ መንግሥት የአንድ አዛዥ ሚስት፣ ድኻ የግብፅ ባለ ጋሪ ፊት ቆማ ስለ ፈረስ ታለቅሳለች፤ ባለ ጋሪው ራሱስ? ትችቱ እውነትነት አለው፤ ዘመኑም የቅኝ ገዢዎች ዘመን ነው። ነገር ግን ብሩክ ፈረሶቹን አልነጠቀችም፤ ገዛቻቸው። የባለቤቶቹ ድኽነት የችግሩ ግማሽ መሆኑንም ተረድታ ነበረ። አንድ ባለ ጋሪ ያለውን አንድ ፈረስ ቢያሳርፍ በማግሥቱ ልጆቹ አይበሉም። በ1934 በካይሮ የአሮጌ ጦር ፈረሶች መታሰቢያ ሆስፒታልን ስትመሠርት ሥራው ለድኾች የጋሪና የጭነት እንስሳት ነፃ ሕክምና መስጠት ሆነ። በ1955 ሞታ የተቀበረችው እዚያው ካይሮ ነው። ያ ሆስፒታል ያደገበት ድርጅት ዛሬ በስሟ ይጠራል፤ በአገራችንም በጋማ ከብቶች ላይ ይሠራል፤ ከእናንተ መካከል በመስክ ልምምድ ያገኛችሁት ትኖራላችሁ።

ጦሩ የሸጠው ፈረስ ብቻ አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ። ውሳኔውንም ሸጧል። የሸጠውም ውሳኔውን ለመወሰን አቅም ለሌለው ሰው ነው።

በአውሮፓም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ኤዳ ኮል የተባለች እንግሊዛዊት በ1911 በአንትወርፕ ወደብ ያረጁ የእንግሊዝ የሥራ ፈረሶች ለሥጋ ከመርከብ ሲወርዱ አይታ ቀሪ ዕድሜዋን ይህን ንግድ ለማስቀረት ሰጠች፤ በ1927 ማኅበር አቋቋመች። ባለቤቶቹ ፈረሳቸውን ለሥጋ ነጋዴ ሸጥሁ ብለው ያላሰቡ ብዙ ነበሩ። ለጎረቤት ሸጡት፣ ጎረቤቱ ለነጋዴ፣ ነጋዴው ለሌላ ነጋዴ።

እስካሁን ስለ እርጅና ብቻ ተናገርሁ። የእኛ ዳማ ግን አስቸጋሪም ነው። ዌሊንግተን ዋተርሎ ላይ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠበት ኮፐንሃገን የተባለው ፈረስ ማታ ጌታው ወርዶ መታ መታ ሲያደርገው ዘወር ብሎ በእርግጫ ሊያገኘው ትንሽ ቀርቶት ነበረ ይባላል። ማንም ስለዚያ እርግጫ ይገደል አላለም፤ በዌሊንግተን ርስት በስትራትፊልድ ሴይ ጡረታ ወጥቶ በ1836 በሃያ ስምንት ዓመቱ ሲሞት በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። ባለቤቱ መስፍን፣ ሜዳው ሰፊ፣ ጠባቂዎቹ ብዙ ነበሩ። ይኸው እርግጫ በአንድ ጋሪ ነጂ ጓሮ ቢሆን ኖሮ ዱላ ያስከትል ነበረ፤ ዱላው ሌላ እርግጫ፣ ከዚያም ሽያጭ። አስቸጋሪ ፈረስ ከእጅ ወደ እጅ በፍጥነት የሚያልፍ ፈረስ ነው፤ በእያንዳንዱም ሽያጭ ዋጋው ይወርዳል፣ የሚገዛውም ሰው ድኽነቱ ይብሳል። አና ሱዌል በ1877 ያሳተመችው «ብላክ ቢውቲ» የዚህ ሰንሰለት ታሪክ ነው። ጂንጀር የምትባለው ተናካሽ ፈረስ በዚያ መጽሐፍ ወደ ታች ስትወርድ ትታያለች። በዚያው መጽሐፍ ጄሪ የሚባለው ደግ ባለ ጋሪ በአደጋ የተጎዳውን አሮጌ የጦር ፈረሱን ሸጦ ጥቂት ፓውንድ ማግኘት ሲችል፣ ወደ መከራ ከመሸጥ በጥይት ማሳረፍን ይመርጣል። ሱዌል ይህን እንደ ጭካኔ ሳይሆን እንደ ታማኝነት ነው ያቀረበችው።

ሌላ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የጄኔራል ጃክ ሲሊ ፈረስ የነበረው ዋሪየር የምዕራቡን ግንባር አልፎ ዋይት ደሴት ወዳለው ቤቱ ተመልሷል፤ በ1941 ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሌላ ጦርነት መጣ። እህል በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ለአሮጌ ፈረስ ተጨማሪ ቀለብ መስጠት ተገቢ አይደለም ተብሎ እንዲገደል ተወሰነ። ሲሊ ስለዚህ ፈረስ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበረ። ፍቅር ስላነሰ የተሰጠ ውሳኔ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ፈረስን ያከበርን ሕዝብ ነን። መሪዎቻችንን በፈረሳቸው ስም ጠርተናል፤ አባ ታጠቅ ካሳ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነፍሶ ባልቻ፣ አባ መላ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለንም ተርተናል። ስሙ ከሰውየው ጋር ወደ ታሪክ ገባ፤ እንስሳው እንዴት እንዳረጀ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። የፈረስ ሥጋ ስለማንበላ ያረጀ ፈረስ የሥጋ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ኤዳ ኮል ያየችው ንግድ በእኛ ዘንድ ሥር አልሰደደም። ያበላን እንስሳ መግደል ደግሞ ውለታን እንደ መካድ ይቆጠርብናል፤ ነፍስ የፈጣሪ ናት እንላለን። የሁለቱ ድምር ውጤት ምን እንደ ሆነ በብዙ ከተሞቻችን ዋና መንገድ ላይ ማታ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ባጃጅ ጋሪን ሲተካ፣ ወይም እግሩ ሲያብጥና ቁስሉ አልድን ሲል፣ ፈረሱ ልጓሙ ወልቆ ይለቀቃል። አይሸጥም፤ አይገደልም፤ ይተዋል። አስፋልት ዳር ቆሞ ይከርማል፤ አንድ ሌሊት መኪና ወይም ጅብ ያገኘዋል። ባለቤቱ አልገደለውም። በዚህ ነገር ላይ ባለ ጋሪዎችን ብቻ መውቀስ አልወድም፤ ካቶም ያደረገው ይህንኑ ነበረ፤ እርሱም ድኻ አልነበረም።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ያመነታል። «መግደል» ስንል ይከብደናል፤ «ማሳረፍ» ስንል ይለዝብብናል። ከተማሪዎች ጋር ስነጋገር ሁለቱንም ቃላት አፈራርቄ የምጠቀመው ሆን ብዬ ነው። በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ግን የመጀመሪያው ቃል እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ፤ «ማስተላለፍ» የሚለውም ቃል ለማን፣ በምን ቀለብ፣ ማን እየተመለከተው የሚል ዝርዝር ሳይከተለው እንዳይጻፍ።

የኮሚቴው አባላት አሳቤን ስለሚያውቁት ከእናንተም አልሸሽገውም። ስሙ የሚታወቅ፣ ሄደን ልናየው የምንችል፣ ፈረሱን ያለ ሥራ ሊቀልብ የሚችል፣ ያቃተውም ቀን ወደ እኛ እንዲመልሰው የተዋዋለ ሰው ከተገኘ ዳማው ይሂድ። እርግጫውም አስቀድሞ በሐኪም ይመርመር፤ ከጠባዩ ይሁን ከመገጣጠሚያው ሕመም የምትለዩት እናንተ ናችሁ፤ ሥቃዩ ሲታከም የሚገራ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ እዚሁ፣ በሚያውቀው ጋጥ፣ የሚያውቀው ጠባቂ ልጓሙን ይዞለት፣ ከእናንተ መምህራን በአንዱ እጅ ይለቅ። ጠባቂውም፣ ጎድኑ ገና ሳይሽር፣ እኔ እይዘዋለሁ ብሏል።

ባለፈው ሳምንት ዳማውን ለመውሰድ ፈቃደኛ የሆኑ አንድ አባት ከቅርብ ቀበሌ መጥተው ነበረ። ዞረው አዩት፤ ጥርሱን ከፈቱ፤ እግሩን በእጃቸው ዳበሱ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«ጭነት ይችላል ወይ፣ ጌታዬ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይችልም፣ አባቴ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው አንገቱን አሻሹት። «ዘንድሮ ገለባው ለበሬዎቹም አልበቃ» ብለው አመስግነውን ሄዱ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በመጪው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።